ሊትል ዊሊ ጆን እና ትቷቸው የሄደው ሸክላዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ፊቨር» («ትኩሳት») የሚለውን ዘፈን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ ማን እንደዘፈነው የሚያውቅ ሰው ማግኘት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ይህ ገጽ ስለዚያ ሰው ነው፤ ከሁሉም በላይ ስለ ሸክላዎቹ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀው ስለ እስር ቤቱና ስለ አሟሟቱ ነው። እሱንም እንመልሳለን፤ ግን ዘፈኖቹ ይቅደሙ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሊትል ዊሊ ጆን ማን ነው?

የ1950ዎቹ የአር ኤንድ ቢ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሙዚቃ፣ ዘፋኝ ነው። ሙሉ ስሙ ዊሊያም ኤድዋርድ ጆን ይባላል። በ1937 አርካንሳስ ውስጥ ተወለደ። ገና ልጅ እያለ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ዲትሮይት ገባ። ያኔ ከደቡብ ተነስቶ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ሰሜን የሚሄደው ጥቁር አሜሪካዊ ብዙ ነበር፤ አባቱም የመኪና ፋብሪካ ሥራ ያዘ። ቤታቸው መዝሙር የማይጠፋበት ቤት ነበር። ልጆቹ አንድ ላይ ሆነው በየቤተ ክርስቲያኑ ይዘምሩ ነበር።

በ1951 ዲትሮይት ፓራዳይዝ ቴአትር ውስጥ በተደረገ የተሰጥኦ ውድድር ላይ የባንድ መሪው ጆኒ ኦቲስ ልጁን ሰማው። ለኪንግ ሪከርድስ ባለቤት ለሲድ ናታንም ነገረው። ናታን ያን ጊዜ አልወሰደውም። ያስፈረመው በ1955 ነው። ዊሊ ያኔ 18 ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ለምን «ሊትል» ተባለ?

«ሊትል» ትንሹ ማለት ነው። ቁመቱ አጭር ነበር፤ መድረክ ላይ የወጣውም በልጅነቱ ነው። ድምፁ ግን ከቁመቱም ከዕድሜውም ጋር አይገናኝም።

«ፊቨር» የፔጊ ሊ ዘፈን አይደለም እንዴ?

አይደለም። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የፔጊ ሊ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956፣ ዊሊ ጆን ሲንሲናቲ በሚገኘው የኪንግ ስቱዲዮ ቀርጾታል። የጻፉት ኤዲ ኩሊና ኦቲስ ብላክዌል ናቸው። ብላክዌል ያኔ ከሌላ አሳታሚ ጋር ውል ስለነበረው ሸክላው ላይ የተጻፈው ስሙ ሳይሆን የእንጀራ አባቱ ስም ነው፤ ጆን ዳቨንፖርት ይላል። ለኤልቪስ ፕሪስሊ «ዶንት ቢ ክሩዌል»ን እና «ኦል ሹክ አፕ»ን የጻፈው ራሱ ብላክዌል ነው።

ዊሊ ዘፈኑን መጀመሪያ አልወደደውም ይባላል። ናታንና ፕሮዲውሰሩ ሄንሪ ግሎቨር ብዙ ለምነውት ነው የዘፈነው። ሲወጣ ግን በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። በፖፕ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በዋናነት ነጮች በሚገዙበት ዝርዝር፣ 24ኛ ደረሰ። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት የዚያን ዘመን አሜሪካ ገበያ በደንብ ያሳያል። አንድ ዘፈን በከተማው አንድ ጎን ነግሦ በሌላው ጎን ብዙም ሳይሰማ ሊቀር ይችል ነበር።

ፔጊ ሊ በ1958 ስትዘፍነው ብዙውን መሣሪያ አወጣችው። ቤዝ፣ ከበሮና ጣት የማጮህ ድምፅ ብቻ ቀረ። አዲስ ግጥምም ጨመረችበት፤ የሮሚዮና ጁልዬት፣ የካፒቴን ስሚዝና የፖካሆንታስ ስንኞች የመጡት ከዚያ ነው። በአሜሪካ ፖፕ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ኤልቪስም ማዶናም ሲዘፍኑት መንገዱን የወሰዱት ከእሷ ነው። የሊ ሥራ ግሩም ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ሁለቱን አከታትላችሁ አድምጡ። ጣት ማጮሁ የዊሊ ሸክላ ላይ አስቀድሞ አለ! የእሷ ረጋ ያለ ነው፤ ሁሉንም ነገር በእጇ እንደያዘች ሴት ነው የምትዘፍነው። የእሱ ግን በእውነት ትኩሳት የያዘው ሰው ነው። ሳክስፎኖቹ ከታች ወፈር ብለው ይሄዳሉ፤ ድምፁ ከእነሱ በላይ ወጣ ይልና የዘፈኑ ስም ላይ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ይሰበራል። ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ መሥራቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከየት ልጀምር?

ብዙ ሰው በ«ፊቨር» ይጀምራል፤ እኔ ግን «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ»ን ነው የማስቀድመው። የጻፈው ወንድሙ መርቲስ ጆን ነው፤ የተቀረጸው በ1955 ነው። ዝግ ያለ ዘፈን ነው። ዊሊ አይጮህም፣ አያለቅስም። አንድ ሰው ሌሊት ላይ ብቻውን ሆኖ እንደሚያወራ ሆኖ ይጠይቃል። ስንኙን ሊጨርስ ሲል ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ቃሉ ከሙዚቃው ኋላ ቀርቶ ሊወድቅ ነው ስትሉ ልክ ቦታው ላይ ያሳርፈዋል። ይህን አዘገያየት ልብ ካላችሁት ሌሎቹ ሸክላዎች ላይም ታገኙታላችሁ። ትልቁ ችሎታው እሱ ነው። ብዙ ዘፋኝ ኃይል አለው፤ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ከዚያ በ1958 የወጣውን «ቶክ ቱ ሚ፣ ቶክ ቱ ሚ» ስሙ። የጻፈው ኋላ ላይ የፊልም ተዋናይ የሆነው ጆ ሴኔካ ነው። ለስለስ ያለ የልመና ዘፈን ነው። በፖፕ ሰንጠረዥ 20ኛ ደረጃ ድረስ ሄዷል። ቀጥሎ «ሌት ዘም ቶክ»። ሰዎች የፈለጉትን ያውሩ የሚል ፍቅረኛ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ፉከራ መዝፈን ከባድ ነው፤ እሱ ግን ፉከራ አላስገባበትም።

ሞቅ ያለ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ተወዳጅ ሸክላውን «ኦል አራውንድ ዘ ወርልድ»ን፣ «ሊቭ ማይ ኪተን አሎን»ን እና «አይም ሼኪን»ን ያዙ። «ኦል አራውንድ ዘ ወርልድ» መጀመሪያ የታይተስ ተርነር ነበር፤ የዊሊ ግን ያስጨፍራል።

«ስሊፕ»ን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከ1920ዎቹ የመጣ የዳንስ ባንድ ዜማ ነው። ዊሊ በ1960 ቀረጸው፤ በፖፕ ሰንጠረዥም 13ኛ ሆነ፤ ከሁሉም ዘፈኖቹ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ያለው ይኸው ነው። ዘፈኑ መጥፎ አይደለም። ግን ከምርጦቹ ውስጥ አልቆጥረውም።

ኪንግ ሪከርድስ ምን ዓይነት ቤት ነበር?

ሲድ ናታን በ1943 ሲንሲናቲ የከፈተው አሳታሚ ነው። ሲጀምር የነጮቹን የገጠር ሙዚቃ ነበር የሚያሳትመው፤ ቶሎ ብሎ አር ኤንድ ቢ ጨመረ። ልዩ የሚያደርገው ሁሉም ሥራ በአንድ ግቢ መሆኑ ነው። ስቱዲዮው እዚያው ነው። ሸክላው የሚታተመው እዚያው ነው። ሽፋኑ የሚታተመውም ሸክላው ተጭኖ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ዛሬ የተቀረጸ ዘፈን በጥቂት ቀን ውስጥ ሱቅ ሊገባ ይችል ነበር።

ግሎቨር ግን ሊረሳ አይገባውም። ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ በዚያ ዘመን በአንድ አሳታሚ ውስጥ ዘፈን የሚመርጥ፣ ሙዚቀኛ የሚቀጥርና ቀረጻ የሚመራ ሰው መሆን ቀላል አልነበረም። እሱ ራሱ ዘፈን ይጽፋል፤ ሬይ ቻርልስ ያነገሠው «ድራውን ኢን ማይ ኦውን ቲርስ» የእሱ ነው። የዊሊን ድምፅ እንዴት እንደሚያስቀምጠው ያውቅ ነበር። ሙዚቃው አያጨናንቀውም፤ ድምፁ ፊት ለፊት ነው። የ1955 እና የ1956 ሸክላዎች ዛሬም እንዲህ ጥርት ብለው የሚሰሙት በእሱ ጆሮ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ቫዮሊንና የመዘምራን ድምፅ በዛ። ዊሊ እዚያም ውስጥ ይዘፍናል፤ ግን ድምፁን ለመስማት ትንሽ መጋረጃ መግለጥ ያስፈልጋል።

የእሱን ዘፈኖች እነማን ዘፈኑ?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያስቆጨው። ዘፈኖቹ ዓለምን ዞረዋል፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልዞረም። የእንግሊዙ ባንድ ፍሊትውድ ማክ «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ»ን በ1968 አወጡት፤ በእንግሊዝ የብሉዝ ወዳጆች ዘንድ የእነሱ ዘፈን እስኪመስል ድረስ ታወቀ። ጋሪ ሙርም ተጫውቶታል። «ቶክ ቱ ሚ»ን የቴክሳሶቹ ሰኒ ኤንድ ዘ ሰንግሎውስ በ1963 ወደ 11ኛ ደረጃ አወጡት። ጃክ ዋይት «አይም ሼኪን»ን በ2012 አምጥቶ አዲስ ትውልድ አሰማ።

ቢትልሶችም አሉ። «ሊቭ ማይ ኪተን አሎን»ን በ1964 ለንደን ውስጥ ቀርጸውታል፤ የሚዘፍነው ጆን ሌነን ነው። ግን አላወጡትም። በይፋ የታተመው በ1995 ነው። ያኔ ቢወጣ ኖሮ ስንቱ ልጅ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ወደ ዊሊ ይመጣ ነበር!

እንግዲያው ለምን ተረሳ?

አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ሌሎች ዘፈኖቹን ወስደው ከእሱ በላይ ሸጡ። ገበያው በቀለም የተከፈለ ነበር። አብዛኛውን ዘፈን የጻፈው ሌላ ሰው ስለሆነ ስሙ በደራሲነት አልቀረም። ከአር ኤንድ ቢና ከመዝሙር የተወለደው የሶል ሙዚቃ ትልቁ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ እሱ ከገበያው ወጥቶ ነበር፤ ኪንግ በ1963 አሰናብቶታል። ሶል የሚለው ስም በሰው አፍ ሲገባ፣ ነገሩን ቀድሞ የዘፈነው ሰው እስር ቤት ነበር።

ሙዚቀኞች ግን አልረሱትም። የሶሉ ዝነኛ ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ኒው ዮርክ፣ ሐርለም፣ አፖሎ ቴአትር መድረክ ላይ መጀመሪያ የወጣው በ1959 ነው፤ የወጣውም የዊሊ ጆንን ዝግጅት ለመክፈት ነበር። ዊሊ በሞተ ዓመት፣ በ1968፣ ብራውን ስሙን የያዘ የመታሰቢያ አልበም አወጣለት። ኩራተኛው ብራውን ለሌላ ዘፋኝ እንዲህ ማድረጉ ብዙ ይናገራል። ታላላቅ ሙዚቀኞች በሚከበሩበት በሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ውስጥ ስሙ የገባው በ1996 ነው፤ ከሞተ 28 ዓመት በኋላ።

ለምን ታሰረ? እንዴትስ ሞተ?

በ1964 ሲያትል ውስጥ ከሥራ በኋላ በአንድ ቤት በነበረ ግብዣ ላይ ጠብ ተነሳ፤ አንድ ሰው በስለት ተወግቶ ሞተ። ዊሊ ሳያስብ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። በ1966 በዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ዋላ ዋላ እስር ቤት ገባ። ሜይ 26 ቀን 1968 እዚያው አረፈ። 30 ዓመቱ ነበር። ይፋዊው ሰነድ የልብ ሕመም ይላል፤ በአሟሟቱ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች ግን አልቆሙም። ከዚያ በፊትም የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ መጠጥም አብዝቶ ነበር።

ሕይወቱን ላሳምረው አልፈልግም። የሞተው ሰውም ቤተሰብ ነበረው። ይህን ማወቅ ዘፈኖቹን ከመስማት አይከለክልም፤ ዘፈኖቹን መውደድም ይህን ለመሸፋፈን ምክንያት አይሆንም።

የመጨረሻ ቀረጻዎቹ ተገኝተዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ደስ ከሚሉኝ ታሪኮቹ አንዱም ነው። በ1966 መጀመሪያ ላይ ይግባኝ ጠይቆ ገና ከእስር ውጭ ሳለ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለካፒቶል ሪከርድስ ቀረጸ። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ አክስልሮድ፣ አቀናባሪው ኤች ቢ ባርነም ነበሩ። ሁለቱም የዘመኑ ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ኪንግ ውሉ የእኔ ነው አለ። አልበሙ ሳይወጣ ቀረ። ዊሊም እስር ቤት ገባ። ቴፑ ከ40 ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ።

ያወጣው የለንደኑ ኤስ ሪከርድስ ነው፤ በ2008 ኬንት በሚለው ምልክቱ ሥር። ስሙም የተቀረጸበት ዓመት ነው፤ «ናይንቲን ሲክስቲ ሲክስ»። ስትሰሙት ሌላ ዊሊ ታገኛላችሁ። ድምፁ ወፍሯል፣ ትንሽ ሻክሯል። ባንዱ የ1960ዎቹ አጋማሽ ሶል ነው፤ ቤዙ ይገፋል፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ይመታሉ። እሱም ከዚህ አዲስ ሙዚቃ ጋር እንግዳ አይመስልም፤ እንዲያውም ቤቱ ነው። አለቀለት የተባለው ሰው እንዳላለቀለት ይሰማችኋል። አልበሙ በጊዜው ቢወጣ ምን ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ያማል፤ ቢሆንም ቴፑ አለመጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው።

ከእኛ ሙዚቃ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ አይገናኝም፤ በጎን ግን መንገድ አለ። አለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የአሜሪካኖቹን ዘፈን ይወድ ነበር፤ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» እየተባለም ይጠራ ነበር። ጄምስ ብራውን ደግሞ ከላይ እንዳልነው ከዊሊ ጆን ሥር የወጣ ሰው ነው። ሌላም አለ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዓመታት ቆይተው እንደገና በሲዲ ሲታተሙ፣ አገር ውስጥ የደበዘዙ ድምፆች ዓለምን አዳረሱ። የድሮ ቀረጻን ፈልጎ አጽድቶ ማሳተም ምን ያህል እንደሚጠቅም እኛ በራሳችን አይተነዋል።

ጓደኞቼን ሰብስቤ ላሰማቸው እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

ደግ ሐሳብ ነው! ሙሉ ስብስብ ከፍታችሁ ወሬ እያወራችሁ አትስሙ፤ ድምፁ ወደ ኋላ ይሄድና ይጠፋል። ከስምንት እስከ አሥር ዘፈን ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን የኪንግ ቀረጻዎች ምረጡ። የድምፅ ማጫወቻ መተግበሪያዎች ላይ ስሙን ስትፈልጉ በርካታ ስብስቦች ይመጣሉ፤ የኪንግ ሪከርድስ ስም ያለባቸውንና ዓመቱ ከ1955 እስከ 1963 የሆነውን ያዙ።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። መጀመሪያ የሌላውን ሰው፣ ቀጥሎ የእሱን አሰሟቸው። የፍሊትውድ ማክን «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ» ጀምሩ፤ አብዛኛው ሰው ጊታሩን ወዶ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ የዊሊን ክፈቱ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቡናው ቢኖርም አይከፋም፤ ሲኒው እንዳይንኳኳ ብቻ። ስለ እስር ቤቱ የምታወሩት ካላችሁ ከዘፈኖቹ በኋላ አድርጉት።

ሸክላ ለሚሰበስቡ፦ የኪንግ የድሮ ሸክላዎች፣ በተለይ የ1956ቱ «ፊቨር» አልበም፣ ንጹሑ ከተገኘ ዋጋው ውድ ነው። ለመስማት ብቻ ከሆነ እንደገና የታተሙት ይበቃሉ። ኤስ ሪከርድስ ያዘጋጃቸው በደንብ የጸዱ ናቸው፤ ከሽፋኑ ጋር የሚመጣው ጽሑፍም ይነበባል።

ከቤተሰቡ ሌላ ዘፋኝ አለ?

አለ። እህቱ ሜብል ጆን የቤሪ ጎርዲ ታምላ፣ ኋላ ሞታውን የሆነው ቤት፣ ያስፈረማት የመጀመሪያዋ ሴት ሶሎ ዘፋኝ ናት። ከዚያ ሜምፊስ ወደሚገኘው ስታክስ ወደሚባለው አሳታሚ ሄደች፤ በ1966 የወጣላትን «ዩር ጉድ ቲንግ» ካልሰማችሁ ዛሬውኑ ስሙት። ከሬይ ቻርልስ አጃቢዎች ከሬይሌትስም ጋር ዓመታት ሠርታለች። በ2022 አረፈች። የዊሊ ልጅ ኪት ጆን ደግሞ ለብዙ ዓመታት የስቲቪ ዎንደር አጃቢ ድምፃዊ ነበር። በ1996 ዊሊን ሆል ኦፍ ፌም ውስጥ ያስገባውም ስቲቪ ዎንደር ነው።